ከሳሎናችን ባሕር የጠፉት

መጀመሪያ የጠፋችው ቢጫዋ ናት። ጠዋት ጥርሴን እየቦረሽኩ ሳለ ቤቱ በዚያ ጨዋ ድምፁ፣ "እንደምን አደሩ አቶ ናሆም። አንድ ነዋሪ ጎድሏል" አለኝ። እኔ ደግሞ የጎደለው ሰው መስሎኝ አረፋ በአፌ እንደያዝኩ ወደ መኝታ ቤት ሮጬ ሚስቴን ፈለግኩ። አለች። ተኝታለች። ባሕሩ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ባሕሩ ሳሎናችን ውስጥ ነው፤ የግድግዳውን ግማሽ ይዟል። ውጭ ያለው ትልቁ ባሕር ሞቆና ነጥቶ ከተዘጋ ወዲህ ከውስጡ የተረፈው ሁሉ ለየቤቱ በአደራ ተከፋፍሏል። ከታች ያሉት ሰዎች ኤሊ አላቸው። እኛ የደረሰን ዓሣና ድንጋይ ነው። አደራ የተቀበለ ቤተሰብ ገላን ላይ፣ ሃያኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ይሰጠዋል። ለዓሣ ፍቅር ብለን ነው የወሰድነው ብል ውሸት ነው። ከዚያ በፊት እኔ ዓሣ የማውቀው በሎሚና በሚጥሚጣ ነበር።

ሕጉ ቀላል ነው። አንድ ቤት የሚይዘው አራት ራስ ነው። ባሕሩ የሁለት ሰው ውኃና መብራት ስለሚፈጅ ሁለት ራስ ተብሎ ይቆጠራል። እኔና ባለቤቴ ሶልያና ስንጨመርበት ሞላን።

እናቴ አምስተኛ ናት። ማለትም፣ የለችም።

እናቴ ወይዘሮ ፋናዬ አሰብ ተወልዳ፣ ገና ልጅ ሳለች በጭነት መኪና ላይ ተጭና ወደ መሀል አገር የመጣች ሴት ናት። አሁን ሰማንያን ይዛለች። በዚህ ዕድሜ ቤት ውስጥ ቦታ ያልተገኘለት ሰው አዋሽ ማዶ ወደተሠራው የአዛውንት መንደር ነው የሚሄደው። ጥሩ ቦታ ነው ይባላል። እዚያ ያሉትን ደውለህ ስታነጋግራቸው ሁሉም "ደህና ነኝ፤ አትምጡ፤ አትቸገሩ" ይሉሃል። ሁሉም እነዚሁኑ ቃላት፣ በዚሁ ቅደም ተከተል። እናቴ ከጓደኛዋ ከእትዬ ምጽላል ጋር አንድ ቀን ተነጋግራ ስልኩን ከዘጋች በኋላ፣ "ይቺ ምጽላል አይደለችም። ምጽላል ሳትሳደብ ስልክ አትዘጋም" አለችኝ። በዚያው ሳምንት በልብስ ማጠቢያ ጋሪ ውስጥ አስቀምጠን፣ አንሶላ ከላይዋ ላይ ጥለን፣ ወደ ቤታችን አስገባናት። አንሶላው ስር ሆና ሙሉ መንገዱን ስትስቅ ነበር። እኔ ግን ላብ በላብ ሆኜ ነበር።

ቤቱ አላወቃትም። ያያታል፣ ግን ለቤቱ ያልተመዘገበ ነገር ሁሉ ዕቃ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ከኩሽና ወደ ሳሎን በተራመደች ቁጥር "አንድ ወንበር መተላለፊያ ዘግቷል፤ እባክዎ ወደ ቦታው ይመልሱ" ይለናል። እናቴም ወደ ጣሪያው አንጋጣ "ወንበር አባትህ ነው!" ትለዋለች። ያስቀን ነበር። እኛ ወደ ሥራ ስንሄድ የሚሆነውን ግን ሳስበው አያስቀኝም። ቤቱ ለዕቃ መብራት አያበራም። መስኮቱም ባሕሩን ፀሐይ እንዳይመታው ተብሎ ተጋርዷል። ሊፍቱ ለእሷ አይንቀሳቀስም፤ ከበሩ ከወጣች በሩ አይከፈትላትም። ለዓሣዎቹ ግን ቀኑን ሙሉ ይበራል። ስለዚህ ወንበሯን ወደ ባሕሩ ታስጠጋና በዓሣ መብራት ምስር ስትለቅም ትውላለች።

አንድ ዓሣ ሲጠፋ ያን ያህል የደነገጥኩት ለምን እንደሆነ አሁን ይገባችኋል። ትንሽ ከጎደለ ቤቱ መዝግቦ ዝም ይላል። ሲበዛ ግን ተቆጣጣሪ በአካል ይልካል። በአካል የመጣ ሰው ደግሞ እናትና ወንበር ይለያል።

ስለ ራሴም ትንሽ ልናገር፤ ምርመራውን የያዝኩት እኔ ነኝና። ሥራዬ ማየት ነው። ማሽኖች የወሰኑት ውሳኔ ፊቴ ይቀርባል፤ "አይቻለሁ" እላለሁ፤ ያልፋል። ከዚያ የሚቀጥለው ይቀርባል። ሥራ ከጀመርኩበት ቀን አንስቶ አንድም ጊዜ "አላየሁም" ብዬ ስለማላውቅ መሥሪያ ቤቴ በትጋት ሸልሞኛል። ሽልማቱ ሳሎን ተሰቅሏል፣ ከባሕሩ ፊት ለፊት። ዓሣዎቹ ምን እንዳሰቡ አላውቅም።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪዬ ጎረቤት ሆነ። ከቢጫዋ መጥፋት ትንሽ ቀደም ብሎ ቤታችን ውስጥ አንድ ድምፅ ይሰማ ጀምሯል፤ ጠቅ! ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠቅ! ከላይኛው ፎቅ ሰው በርበሬ የሚወቅጥ ይመስላል። ዓሣዎቹ በድንጋጤ ሞተው ይሆናል ብዬ ደምድሜ ወደ አቶ ኢዮስያስ ወጣሁ።

"አቶ ኢዮስያስ፣ ሙቀጫውን ትንሽ ቢታገሱልን።"

"የምን ሙቀጫ?"

"የሚወቅጡበት።"

"ወንድሜ፣ እኛ ቤት ሙቀጫ የለም። እንዲያውም እኔ ወደ እናንተ ልወርድ ነበር። ምን እየሰበራችሁ ነው እያልን ነበር።"

ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው አልኩ በሆዴ። ወርጄም ለሶልያና "ሰውዬው ክዷል" አልኳት። እናቴ ከምስሩ ቀና ብላ አየችኝና አንድ ነገር ልትል አሰበች መሰለኝ፤ እኔ ግን የአቶ ኢዮስያስን ውሸታምነት እያብራራሁ ስለነበር አላቋረጠችኝም።

ከዚያ ባለ ጥለቷ ጠፋች። በጀርባዋ ላይ የቀሚስ ጥለት የመሰለ ቀይ መስመር ያላት ዓሣ ነበረች። ሬሳ የለም፤ አጥንት የለም፤ ምንም። አሁን ጥርጣሬዬ ወደ ጥቁሩ ዞረ። ጥቁሩ ዓሣ ከመጣ ጀምሮ በጎን ነው የሚያየኝ። ዓሣ ሁሉ በጎን እንደሚያይ፣ ዓይኑ የተሠራው በጎኑ ስለሆነ መሆኑን፣ ያኔ ማንም አልነገረኝም። በመረብ አጥምጄ ባልዲ ውስጥ አስሬ መታጠቢያ ቤት አስቀመጥኩት። "እስኪጣራ ድረስ ነው" አልኩት፤ የምለው ጠፍቶኝ ነው እንጂ ማን ሊሰማኝ። እሱ በታሰረ በማግስቱ ሰማያዊው ጠፋ። ፈታሁት። ይቅርታም ጠየቅኩት። በጎን አየኝ።

ሶልያና በሩ ላይ ቆማ ይህን ሁሉ ታይ ነበር። "ባልዲውን ለምን ፈለግከው እያልኩ ነበር" አለችና ልብሷን ልታጥብ ወሰደችው።

የሶልያና እህት አንድ እሑድ መጥታ "እንዴት ያምራሉ!" ብላ ምራቋን እንትፍ ሳትል መሄዷም ትዝ አለኝ። እኔ እንኳን በቡዳ አላምንም። የተማርኩ ሰው ነኝ። ነጭ ሽንኩርቱን በመስታወቱ ጥግ የለጠፍኩት ለጥንቃቄ ያህል ነው። ቤቱ "በባሕሩ ላይ የምግብ ዓይነት ተገኝቷል" ብሎ ለመላው ቤተሰብ አስታወቀ፤ እናቴም ሽንኩርቱን አንስታ ወጥ ውስጥ ጨመረችው።

ይኸኔ ነው ሐሳቤ ወዳልሆነ ቦታ የሄደው። ስናገረው አሁንም ፊቴ ይቀላል። እናቴን ጠረጠርኩ።

በምርመራ ዓይን ሲታይ ግን ነገሩ ሁሉ ይገጥም ነበር። ቀኑን ሙሉ ከዓሣዎቹ ጋር ብቻዋን የምትውለው እሷ ናት። አባቷ አሰብ ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ ነበር፤ በልጅነቷ ከሽሮ ይልቅ ዓሣ ነው የበላችው። ዓሣ መጥፋት የጀመረው ሁዳዴ በገባ ሰሞን ነው። በጾም ዓሣ ይበላል፣ አይበላም የሚለው ክርክር ደግሞ እኔ ሳልወለድ የነበረ፣ ስሞትም የሚቀጥል ነው። እናቴ ከየትኛው ወገን እንደሆነች ጠይቄያት አላውቅም። ቤቱ ውስጥ ሥጋ አላት? የላትም። መጥበሻ አላት? አላት። አለቀ።

ስለዚህ ምሳዋን ስትጨርስ ሳህኗን ላጥብ ብዬ ተቀበልኳትና ጀርባዬን ሰጥቼ አሸተትኩት። ጎመን ነው። በሚቀጥለውም ቀን አሸተትኩ። ምስር። በሦስተኛው ቀን አፍንጫዬ ሳህኑ ውስጥ እንዳለ ደረሰችብኝ።

"ምን ሆነሃል አንተ?"

"ምንም። ጎመኑ ሽታው ደስ ብሎኝ።"

"ጎመን? አንተ? ቆንጥጬ ነበር እኮ የማበላህ።"

ማታ ለሶልያና ስነግራት ከትራሱ ቀና አለች። "የእናትህን ሳህን አሸተትክ?"

"ምርመራ ነው።"

"እግዜር ይይልህ ናሆም" አለችኝና ብርድ ልብሱን ይዛ ዞረች።

በማግስቱ ጠዋት ቤቱ ሌላ ዓሣ መጉደሉን ተናገረና፣ "ነገ ከምሳ በኋላ የባሕር አደራ ተቆጣጣሪ በአካል ይመጣሉ። እባክዎ ቤት ይጠብቁ" ብሎ ጨመረ። ሦስታችንም ሳሎን ነበርን። እናቴ ተነስታ ጋቢዋን አጣጥፋ፣ ነጠላዋን፣ መነጽሯን፣ የቅባት ብልቃጧን ይዛ አንድ ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ከተተች።

"እማ፣ የት ልትሄጂ ነው?"

"የትም። ዝግጁ መሆን አይከፋም።"

ያን ቀን ሥራ ላይ ሆኜ ስንት ነገር "አይቻለሁ" እንዳልኩ አላውቅም፤ ቢሮውን ይሽጡት ብለው ቢያቀርቡልኝም አሳልፌው ነበር።

ተቆጣጣሪዋ በምትመጣበት ዕለት ምሳ ሳይደርስ ከሥራ ሾልኬ ወጣሁ። ዕቅዴ እናቴን ቁም ሣጥን ውስጥ ማስገባት ነበር። ይህን ያሰበ ሰው በትጋት ተሸልሟል፤ አትርሱ። በሩ ሲከፈትልኝ ሳሎኑ ጨለማ ነው፤ ባሕሩ ብቻ ሰማያዊ ሆኖ በርቷል። ቤቱ እኔን አይቶ መብራቱን ከማብራቱ በፊት እናቴን ከጀርባዋ አየኋት። መስታወቱ ሥር በርከክ ብላ፣ የክዳኑን ጥግ ከፍታ፣ በቀጭን የእንጨት ዘንግ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ውኃው ውስጥ ይዛ ትለምናለች።

"እንካ እንጂ። እባክህ። ምን ላድርግህ፣ ጾም ነው እኮ ልጄ። እኔም አልቀመስኩ። ትናንት ምስር እምቢ አልክ፣ እሺ፤ ይሄ ሽሮ ነው። ተጋግሮ የደረቀ ሽሮ ነው፣ ጣፋጭ ነው።"

ከትልቁ ድንጋይ ቀዳዳ ሁለት ዓይኖች ወጡ። በቀጭን እንጨት ላይ የተሰኩ ይመስላሉ፤ አንዱ እናቴን ሲያይ ሌላው ወደ እኔ ዞረ። ቀጥሎ ሙሉ አካሉ ወጣ፤ ከጣቴ ረዘም ያለ፣ ቅርፊታም፣ አረንጓዴና ቀይና ሰማያዊ የተዥጎረጎረ፣ ብዙ እግር ያለው ነገር። የፊት እጆቹን ደረቱ ላይ አጣጥፏቸዋል። ሽሮውን ቀረበው፤ አሸተተው መሰለኝ፤ አንዱን እጁን ሰነዘረ። ጠቅ! ሽሮው ተበትኖ ውኃውን አደፈረሰው።

"አቶ ኢዮስያስ!" አልኩ ሳላስበው።

"በስመ አብ! አስደነገጥከኝ" አለች እናቴ ዞራ። "ኢዮስያስ ምን አደረገ?"

"ምንድን ነው እሱ?"

"ቦክሰኛው ነዋ።"

"የምን ቦክሰኛ?"

"እኛ አሰብ እንደዚያ ነበር የምንለው። ድንጋይ ለድንጋይ ስንጫወት ጣታችንን እየመታ ስንቱን አስለቅሶታል መሰለህ። እዚህ ከድንጋዩ ጋር ነው የመጣው፤ ተደብቆ።" ዘንጉን በቀሚሷ ጠረገች። "ያ ከላይ ያለው ማሽን ለዓሣዎቹ ምግብ ያወርዳል፣ ዓሣዎቹ ይሻማሉ፣ ለእሱ አይደርሰውም። ማሽኑ አያውቀውማ። አሳዘነኝ። ከወጤ ላይ ቁራሽ ሥጋ እያስቀረሁ አጎርሰው ነበር። ከመጣሁ ጀምሮ።"

"ሁዳዴ ሲገባስ?"

"ሁዳዴ ሲገባማ ሥጋ ከየት አመጣለሁ? ቅበላ ዕለት እስኪጠግብ አበላሁት። ከዚያ በኋላ የቤቱን ነው የማቀርብለት። ይለምደዋል ብዬ ነበር።"

ቁጭ አልኩ። መሬት ላይ። "እማ፣ ዓሣዎቹን የጨረሳቸው እሱ ነው።"

"እሱ?" ወደ መስታወቱ ዞረች። ቦክሰኛው ቀዳዳው አፍ ላይ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። "አንተ ሌባ! እኔ እዚህ ስጾም አንተ ጓዳ ጓዳውን..." አለችና ድምጿ ዝቅ አለ። "ርቦት ነው። የራበው ምን ያድርግ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"መች ጠየቅከኝ? ሳህኔን ስታሸት አይደል የከረምከው።"

አውቃ ነበር። ይህን ያህል ጊዜ አውቃ ዝም ብላኛለች። የምገባበት ጉድጓድ አጣሁ። ከቀዳዳው ሌላ፤ እሱም ተይዟል።

ግን ጊዜ የለም። ተቆጣጣሪዋ ከመድረሷ በፊት አውሬውን ካጠገብነው ቢያንስ ዛሬ ፊቷ ላይ ዓሣ አይበላም ብዬ ማቀዝቀዣውን ሥጋ እዘዝልኝ አልኩት። "ይህ ቤት በጾም ላይ ነው። የሥጋ ትዕዛዝ እስከ ፋሲካ ተዘግቷል" አለኝ። ያስዘጋሁት ራሴ ነኝ፤ ቅበላ ዕለት፣ ሆዴ እስኪነፋ በልቼ፣ ጽድቅ ሲመጣብኝ። ይከፈት አልኩ። "ለመክፈት የንስሐ አባትዎ ፈቃድ ያስፈልጋል" አለ። ይህንንም የመረጥኩት እኔው ነኝ።

"እማ፣ እንግዲህ ቁም ሣጥን ውስጥ ግቢ።"

"ማን? እኔ?"

"ለትንሽ ሰዓት።"

"በጋሪ ገባሁልህ። በቁም ሣጥን አልገባም።"

ደወሉ ጮኸ።

ተቆጣጣሪዋ ሲምቦ እባላለሁ አለች። ወጣት ናት፤ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፤ ቤታችሁ ደስ ይላል አለች። ክፉ ሰው ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ሰላም ብላኝ ዓይኗ ወደ እናቴ ሄደ። እናቴ ሳሎኑ መሀል ላይ ቆማለች፤ ቦርሳዋ እግሯ ሥር ነው።

"እሳቸውስ?"

ጥያቄው ቀላል ነበር። ቤት ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ የሚጠየቅ ነው። እኔ ግን ገላንን አየሁ፣ ሁለት መኝታ ቤቱን፣ አዋሽ ማዶን፣ የእትዬ ምጽላልን ድምፅ። ይህን ሁሉ ያየሁት እናቴን ለማዳን ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩ። ግማሹ እንኳ እውነት አልነበረም። ቤቱን ነው ያየሁት።

"ጎረቤት ናቸው" አልኩ።

እናቴ አላየችኝም። ነጠላዋን አስተካከለች። "አዎ ልጄ፣ ጎረቤት ነኝ። አቶ ናሆም ዓሣ ላሳይዎት ብለውኝ መጥቼ ነው። ይቅናችሁ" አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። በሩ ለተመዘገበ ሰው እንደሚያደርገው ቀስ ብሎ ሳይሆን ዕቃ እንዳለፈበት ጥርቅም ብሎ ተዘጋ።

"አቶ ናሆም" አለችኝ። እናቴ። ራሷ ያወጣችልኝን ስም።

ሲምቦ ባሕሩ ፊት ተንበረከከች። እኔም ሥራዬን ቀጠልኩ፤ ምን እላለሁ። ድንጋዩን አሳየኋት፣ ቀዳዳውን አሳየኋት። ቦክሰኛው ዓይኖቹን አወጣ። "ወይኔ!" አለች እጇን አፏ ላይ ጭና። "በሥዕል ብቻ ነው የማውቀው። እናቴ ትሙት፣ አልቋል ነበር የሚሉን።" እንደ ሕፃን መስታወቱ ላይ ተለጠፈች። እኔ ግን የማዳምጠው በሩን ነበር። ኮሪደሩ ላይ ያለው መብራት አይበራላትም። ሊፍቱ አይመጣላትም። ደረጃ ለመውረድ ጉልበቷ አይችልም። የት ትሄዳለች?

"ምን እየበላ ነው የቆየው?" አለች ሲምቦ።

አፌን ከመክፈቴ በፊት ቤቱ ተናገረ።

"አቶ ናሆም፣ አንድ ዕቃ ከቤት ወጥቷል። ስርቆት ከሆነ 'አዎ' ይበሉ። ካልሆነ 'አይቻለሁ' ይበሉ።"

ሲምቦ ቀስ ብላ ቀና አለች። ምላሴ ደግሞ የለመደውን ቃል ሊል ተዘጋጅቶ ነበር። ያቺን ቃል ስንት ጊዜ እንዳልኳት። ማንን እንዳሳለፍኩባትም አላውቅም፤ ሳላነብ ነው። ምጽላልንም እኔው አይቻለሁ ብዬባት እንደሆነስ? "አይ..." አልኩና አቆምኩ።

"አቶ ናሆም፣ መልስዎን እየጠበቅን ነው" አለ ቤቱ።

"ዕቃ አይደለችም" አልኩ። ድምፄ እንደ ወጠጤ ተሰነጠቀ። "ወንበርም አይደለችም፣ ጎረቤትም አይደለችም። እናቴ ናት። ፋናዬ ትባላለች። እዚህ ነው የምትኖረው። ዓሣዎቹም ያለቁት ይህን አውሬ ስላስጾመችው ነው። መዝግብ!"

"ትእዛዙ አልገባኝም" አለ ቤቱ። ሲምቦ ግን ገብቷታል። ፊቷ ላይ አየሁት።

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ኮሪደሩ ለእኔ ቦግ ብሎ በራ። ሊፍቱ አጠገብ፣ ቦርሳዋ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች።

"እማ፣ ግቢ።"

"ማን ልበል?"

"እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።"

"ልጅቷስ?"

"ነገርኳት።"

"ምን ብለህ?"

"እናቴ ናት ብዬ።"

"ቤቱን ይቀሟችኋል እኮ።"

"ይቀሙን።"

"ሶልያናስ?"

"አላውቅም። ትጮህብኝ ይሆናል።"

"ጥሩ፤ የሚገባህ ነው። በል እጄን ያዝ፣ ጉልበቴ ተሳስሯል።"

ሲምቦ ስንገባ ጫማዋን አድርጋ ቆማ ነበር። ሕጉን ነገረችን፤ እናቴን ካስመዘገብን ባሕሩ ይወጣል፣ ባሕሩ ከወጣ ደግሞ ይህ የባሕር ቤት ስለሆነ እኛም እንወጣለን። በምትኩ ሞጆ ማዶ ያለው የድሮ መንደር ውስጥ አንድ ክፍል አለ። ባሕሩ ይሂድ አልኩ። የቀሩትን ዓሣዎች ከደጅ ባስገባችው የውኃ ሣጥን አንድ በአንድ አስገባች፤ ጥቁሩ ሲያልፍ ለመጨረሻ ጊዜ በጎን አየኝ። ትልቁ ድንጋይ ጋ ስትደርስ ቆመች። ቦክሰኛው ወደ ውስጥ ገብቷል።

"እኔ የምወስደው የተመዘገበ እንስሳ ነው" አለች ወደ ጣሪያው እያየች፣ ቤቱ እንዲሰማ ጮክ ብላ። "ይሄ ድንጋይ ነው። ድንጋይ አልቆጥርም። ውኃው ሳይቀዘቅዝ ጀሪካን ፈልጉ።" ከዚያ ለእናቴ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ስማ ወጣች።

ሶልያና ማታ ስትመጣ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቁም ሣጥኑንም፣ ጎረቤቱንም። ጩኸት ጠብቄ ነበር። "ገና ዛሬ?" አለችኝ። "እኔ እኮ እማዬ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ሞጆ ማዶ ቤት ሳጠያይቅ ነው የኖርኩት። አንተ ዓሣ ስታስር።"

ቤታችን አሁን አንድ ክፍል ናት። አትናገርም። ግድግዳዋ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ እናቴ በመጣች ዕለት በጣቷ አበራችው፣ አጠፋችው፣ አበራችው፤ እየሳቀች ስንት ጊዜ እንደደጋገመችው። ከሥራዬም አሰናብተውኛል፤ "አላየሁም" ማለት ጀምሬ ስለነበር ሥርዓቱ ተጨናነቀ አሉ። ቦክሰኛው መስኮቱ ሥር፣ በትልቅ የመስታወት ገንቦ፣ በቢጫ ጀሪካን ባመጣንለት የድሮ ባሕሩ ውኃ ውስጥ ከድንጋዩ ጋር ይኖራል። እስከ ፋሲካ ድረስ ምን እንዳበላነው አትጠይቁኝ። የንስሐ አባታችን ያውቃሉ፤ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ፈቀዱ።

የፋሲካ ለት ጠዋት ዶሮው ቀረበ። ሶልያና እንጀራውን ዘረጋች። እናቴ መጀመሪያ የቆረሰችውን ሥጋ ይዛ ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ከዘንጉ ጫፍ ላይ ሰክታ ወደ ገንቦው አወረደችለት። ጠቅ! "እንኳን አደረሰህ" አለችው። ሁለተኛውን ለሶልያና አጎረሰቻት፤ ሶልያና ዓይኗ ዕንባ አቀረረ።

እኔ ተራዬን ስጠብቅ ቆየሁ። እናቴ እጇን ታጠበች፣ ተቀመጠች፣ ለራሷ ጎረሰች፣ አጣጣመችው። ከዚያ ሌላ ጉርሻ ጠቀለለችና በአየር ላይ ይዛ ወደ እኔ ዞረች። ጉርሻው ትልቅ ነው፤ እንቁላሉን ጭምር ጠቅልላበታለች።

"ና እንጂ፣ ጎረቤት" አለችኝ። "አፍህን ክፈት።"

ከፈትኩ።